እጅጌው እስኪደርቅ

ጥቅምት 14 ቀን።
ነፋስ ከምሥራቅ፣ መካከለኛ። ሰማዩ ጥርት ያለ። በቦታው የነበሩ፦ እኔ፣ ድመቷ፣ ቀያሹ ረስቶት የሄደው ጃንጥላ።

ወንድም ጋሼ፣

እንደምን ሰነበትክ? ጉልበትህስ? እኔ ደኅና ነኝ። ስለ ጣሪያው ለጠየቅከኝ፣ አዎ ያፈስሳል፤ ግን በአንድ ጥግ ብቻ ስለሆነ አልጋዬን ወደ ሌላው ጥግ ገፋሁና ተስማማን። ለዚህ ብለህ አትጨነቅ። ሳልጽፍልህ ስምንት ወር ማለፉን ሳስበው አፈርኩ። ሰበብ የለኝም። ወረቀቱን አወጣለሁ፣ ቀኑን እጽፋለሁ፣ አየሩን እጽፋለሁ፣ ከዚያ የምለው ይጠፋኛል።

የግቢው በር ያው ነው ወይ ላልከው፣ ያው ነው። ዝጓል እንጂ አልተበላም። በዚህ ሠፈር የአውሮፕላን ማረፊያው ሜዳ ብረት ያልገባበት ቤት የለም። አውሮፕላኖቹ ጭቃው ውስጥ እንዳይሰምጡ የተነጠፈው ያ ቀዳዳ ቀዳዳ ብረት ዛሬ የዶሮ ቤት ነው፣ የቦይ መሻገሪያ ነው፣ የሱቅ መደርደሪያ ነው። ዳቦ ቤቱ ጀርባ ያለው አጥር ላይ የጎማ ምልክት አሁንም ይታያል፤ ጎረቤቶች ልብስ ያሰጡበታል።

ዛሬ የጻፍኩልህ ግን ለበሩም ለጣሪያውም አይደለም። ቀያሹ መጥቶ ነበር። ያኔ ሜዳውን በክርና በችካል የለካው ወጣት ቀያሽ፤ አሁን ጡረታ ወጥቷል፣ ለማንበብ ሁለት መነጽር ደርቦ ያደርጋል። ሜዳው ላይ የመኖሪያ ቤት ሊሠራ ነው። ማዘጋጃ ቤቱ መሬቱ ከመቆፈሩ በፊት ታሪኩ በትንሽ መጽሐፍ ይውጣ ብሎ ሥራውን ለእሱ ሰጠው። ያንተን የነፋስ ደብተር ያገኘው ከዚያው ከማዘጋጃ ቤቱ ምድር ቤት ነው። የመጀመሪያው አውሮፕላን መቼ እንዳረፈ፣ የቁስለኞቹ ድንኳን ስንት እንደነበረ፣ ልብስ ማን ያጥብ እንደነበረ ጠየቀኝ። ሁሉንም በትንንሽ ካርድ ላይ ይጽፋል። እኔ ባጭር ባጭሩ መለስኩ፤ ታውቀኝ የለ። «ጭምቷ ያሉሽ ያለ ነገር አይደለም፤ ከአንቺ አንድ ቃል ከማውጣት ብረቱን መንቀል ይቀላል» አለኝ።

የጻፋቸውን ገጾች እየሳቀ አነበበልኝ። አንዱ ጋ ሲደርስ ሳቁን ተወ። ስለ አንተ ነው። በሚቀጥለው እጽፍልሃለሁ፤ ዛሬ እጄ አልታዘዝ አለኝ። እሱ ከሄደ በኋላ ግቢውን ሁለት ጊዜ ጠረግኩ። ነፋሱ ቅጠሉን መልሶ ያመጣዋል፣ እኔም መልሼ እጠርገዋለሁ።

እህትህ

*

ጥቅምት 24

ጭምቷ፣

ደኅና ነኝ። ጉልበቴን ባትጠይቂው ይሻላል፣ መልሱ ረጅም ነው። ሱቁም ደኅና ነው፤ ሰው ሁሉ ስልኩን አይቶ ሰዓት የሚያውቅበት ዘመን ላይ ሰዓት ጠጋኝ ሆኜ መኖሬ ራሱ ተአምር ነው።

አሁንም ቀን፣ አየር፣ በቦታው የነበሩ ብለሽ ትጀምሪያለሽ። እኔ ከተውኩት ሠላሳ አራት ዓመት ሆነኝ፣ ያንቺ እጅ ግን ከሜዳው አልወጣም። የነፋሱን ደብተር ስጽፍ ሥሬ ተንበርክከሽ የጣልኩትን ስትለቅሚ ይታየኛል። የሳጥን ላይ ጽሑፍ፣ የመድኃኒት መጠቅለያ፣ እኔ ሰርዤ የቀደድኩት ገጽ። ትምህርት ቤት ሳትገቢ ከዚያ ብጥስጣሽ ፊደል ቆጠርሽ፤ ዛሬ ከእኔ የተሻለ ትጽፊያለሽ። ስለዚህ እጄ አልታዘዝ አለኝ የሚለውን ለሌላ ሰው ንገሪ።

ቀያሹን እንዴት እረሳዋለሁ። ክሩን በሰው መንገድ ላይ እየዘረጋ ስንቱን በአፍንጫው ደፍቷል፤ እኔን ብቻ ሁለቴ። አሁን ደግሞ ታሪክ ጸሐፊ ሆነ? ይህኛውም ክር እንዳይሆን ፍሪ።

ገጹ ምን ይላል? ሸፋፍነሽ አታቆዪኝ። እሱ ምንም ቢጽፍ ከተባልኩት አይብስም።

በፊተኛው ደብዳቤሽ መጥተህ ብታየን ላልሽው፣ አልመጣም። ሱቁን የሚይዝልኝ ሰው የለም። ይህን ሰበብ ነው ብትዪም አልቀየምሽም። ስለ እናታችን መቃብር አጥር የጻፍሽውንም አንብቤዋለሁ። አንቺ እንደወደድሽ አድርጊ፤ ከዚህ በኋላ ግን ስለ እሷ አትጻፊልኝ።

ወንድምሽ

*

ኅዳር 3 ቀን።
ነፋስ ከምሥራቅ፣ ቆም ብሎ እንደገና የሚነሣ። አቧራ። በቦታው የነበሩ፦ እኔ፣ ቀያሹ ለሁለተኛ ጊዜ።

ወንድም ጋሼ፣

ሰላምታዬ ይድረስህ። ስለ እሷ አልጽፍም። ገጹን እንዳለ ገልብጨዋለሁ፦

«ሜዳው ባገለገለባቸው አሥራ አንድ ወራት አንድ ከባድ አደጋ ደርሷል። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ሬዲዮው የተበላሸበት የጭነት አውሮፕላን፣ በሜዳው ሰዎች አጠራር «እጅጌው» የሚባለው የነፋስ ማሳያ ጨርቅ ተንጠልጥሎ ስላየ ነፋስ የለም ብሎ ወደ ምዕራብ አረፈ። ነፋሱ ግን ከኋላው ነበር። በጤዛ ከራሰው ብረት ላይ ተንሸራቶ ቦዩ ውስጥ ገባ፤ አብራሪው ሞተ። የነፋስ ጠባቂው በዚያ ቀን ደብተር ላይ "አሥራ ሁለት ሰዓት፣ እጅጌው ተፈትሿል፣ ደኅና ነው" ብሎ ጽፎ ተገኝቷል። ጨርቁ ግን እንዳልተፈተሸ አምስት ሰዎች መስክረዋል። ጠባቂው ሥራውን በመበደሉና በደብተር ላይ ሐሰት በመጻፉ ሁለት ዓመት ተፈርዶበታል።»

ሐሰት የሚለው ጋ ሲደርስ ቀያሹ ራሱ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

ዛሬ ለምን ተመልሶ መጣ ብትል፣ እኔ ነኝ የጠራሁት። ደብተሩ እውነት ነው ልለው። አልኩትም። ካርዱን አስቀምጦ አየኝ።

«በምን አወቅሽ?»

ወንድሜ አይዋሽም አልኩት። «እሱ ለአንቺ ይበቃል፣ ለመጽሐፍ አይበቃም» አለኝ። ክፉ ሰው አይደለም። ከአምስቱ ምስክሮች አንዱ እሱ እንደነበረ ታውቃለህ፤ ያንን አስታወሰኝ። «በዐይኔ አይቻለሁ እህቴ። ነፋሱ ባርኔጣዬን ሊወስደው ይታገላል፣ ጨርቁ እንደ ሞተ ነገር ወርዷል። በአሥራ ሁለት ሰዓት ደኅና ከነበረ በሁለት ሰዓት ምን ነካው? ወይ ፈትሾታል፣ ወይ አልፈተሸውም። ሦስተኛ መንገድ ካለ ንገሪኝና ልጻፍ።»

ሻይ ጨመርኩለት። ጠብቆ ጠብቆ ሻዩን ጨርሶ ሄደ። ጃንጥላውን አሁንም ረሳው።

መጽሐፉ ኅዳር 30 ማተሚያ ቤት ይገባል። ለየትምህርት ቤቱ ይታደላል ብሎኛል። ጊዜያዊ ስለነበር ማንም ስም አላወጣለትም፣ ሜዳው ሜዳው እንዳልነው ቀረ፤ ያንተ ነገር ግን በፊደል ሊቆም ነው። ከዚያ ወዲህ ቁጭ ማለት አልቻልኩም። ሰሀን አጥባለሁ፣ ያጠብኩትን መልሼ አጥባለሁ። ይቅርታ አድርግልኝ። ለምን ይቅርታ እንደምልህ አትጠይቀኝ።

እህትህ

*

ኅዳር 12

ጭምቷ፣

ደብዳቤሽ ማክሰኞ ደረሰኝ። እስከ ዛሬ ድረስ ሦስት ሰዓት ጠረጴዛዬ ላይ ሆዳቸው ተከፍቶ ተኝተዋል፤ ከፈታኋቸው በኋላ እጄን ግጠም ብዬ ማዘዝ አቃተኝ። ባለቤቶቹ እየመጡ ይቆጣሉ። አንደኛዋ ሴትዮ «የሬሳ ቤት ነው እንዴ ይሄ?» አለችኝ።

ይታተም። የፍርዱን ጊዜ ጨርሻለሁ፣ ሁለተኛ አያስሩኝም።

ግን ለምን ይቅርታ እንደጠየቅሽኝ ገብቶኛል መሰለኝ። ያን ጊዜ ልትናገሪልኝ እየፈለግሽ ልጅ ስለነበርሽ ያልተናገርሽ ይመስልሻል። አንቺ የምታውቂው ነገር አልነበረም። እኔ ግን ነበረኝ። ልንገርሽና ከሁለታችን ጋር ይቀበር።

አውሮፕላኑ ሲመጣ ከሳጥን እንጨት የሠራናት ጎጆ ውስጥ ነበርኩ። እጅጌው ከጎጆዋ ጀርባ ስለሆነ ከውስጥ አይታይም። ድምፁን ሰምቼ ስወጣ ነፋሱ አንገቴን መታኝ። ቀና ብል እጅጌው ተንጠልጥሏል። በጠዋት ስፈትሸው እንደ ልቡ ይዞር ነበር፤ ቀለበቱ ተይዞ ነው ብዬ ሮጬ ገመዱን ሳብኩት። እጄ ላይ ሲወርድ እርጥብ ነበር። ያንን ከድንኳን ሸራ ደርቤ የሰፋሁትን ታውቂዋለሽ፤ ውኃ ጠጥቶ ሁለቱ ጎኑ ተጣብቆ አፉ ተከድኗል። ሳሙና ሳሙና ይሸታል። ያ ቢጫ ሳሙና በሜዳው ላይ የሚገኘው ልብስ በምታጥበው በአንዲት ሴት እጅ ብቻ ነበር። ይህን እያሰብኩ ከኋላዬ ብረቱ ሲጮህ ሰማሁ። ዞሬ አላየሁም።

ለመርማሪዎቹ አልተናገርኩም። የገዛ እናቴን በጣቴ ጠቁሜ የት ልገባ? ግን ራሷ ትናገራለች ብዬ ጠበቅኩ። ሁለቱን ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ እሑድ መጣች። ዳቦ ታመጣለች፣ ካልሲ ታመጣለች። ከሽቦው ወዲያ ሆና «ይበርድሃል ወይ?» ትለኛለች። ዛሬ ትለኛለች፣ በሚቀጥለው ትለኛለች እያልኩ ዐይን ዐይኗን አያለሁ። ይበርድሃል ወይ፣ ሌላ የለም። የተፈታሁ ቀን ወደ ቤት ሳልገባ ወደዚህ አገር መጣሁ። ሞተች ስትዪኝም ያልመጣሁት ለዚህ ነው። ጨካኝ ነው ብለሽኝ ይሆናል። አንድ ቃል ነበር የጠበቅኩት።

እንግዲህ ሦስተኛውን መንገድ አወቅሽው። ለቀያሹ እንዳትነግሪ። እሷ ሞታለች፣ መልስ መስጠት አትችልም። እኔ በሕይወት አለሁ፣ እችለዋለሁ።

ወንድምሽ

*

ኅዳር 21 ቀን።
ነፋስ የለም። ደመና። በቦታው የነበሩ፦ እኔ ብቻ። ድመቷንም አስወጥቼ በሩን ዘግቻለሁ።

ወንድም ጋሼ፣

እጅጌውን ያጠብኩት እኔ ነኝ።

ይህን ጽፌ ተነሥቼ ቤቱን ዞርኩና ተመልሼ ተቀመጥኩ። አሁን በቅደም ተከተሉ ልንገርህ።

ከአደጋው በፊት በነበረው ቀን ትልቅ እንግዳ ሜዳውን ሊጎበኝ ይመጣል ተብሎ ሁሉም ይጠርግ ነበር። የዕቃ ቤቱ ኃላፊ፣ ያ ቀበቶው ከሆዱ በታች የሚውለው፣ እማዬ አንሶላ ስታሰጣ መጥቶ ቆመ። «እመቤት፣ አንሶላውስ ነጣ፤ ያንን ቡትቶ ለእንግዳው በምን እንሸፍነው?» ብሎ ወደ እጅጌው ጠቆመ። አብረውት የነበሩት ሳቁ። እሷም ሳቀች። ግን እራቷን ሳትበላ ተኛች። እጅጌው የእሷ ሥራ እንዳልነበር ታውቃለህ፤ እሱም ያውቃል። እኔ ደግሞ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር፣ እናቴ የተሰደበችበት ነገር ሁሉ መታጠብ የሚችል ይመስለኝ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት አንተ እጅጌውን ፈትሸህ ደብተሩን ጻፍክ። አይቼሃለሁ። ጨርቁ ተነሥቶ ዞረ፤ አንተም አንገትህን ነቅንቀህ ጻፍክና ለቁርስ ሄድክ። ደብተሩ እውነት ነው ያልኩት አይቼ ነው። እማዬ ከቁስለኞቹ ድንኳን አንሶላ ልትሰበስብ ሄዳ ነበር። ገመዱን ፈትቼ አወረድኩት። በርሜሎቹ ጋ ወስጄ በሳሙናዋ አሸሁት፤ ሦስት ጊዜ ጥቁር ውኃ ወጣው። ጨመቅኩት፤ ሸራው ለእጄ ከባድ ነበር፣ በደንብ አልተጨመቀም። ከዚያ መልሼ ሰቀልኩት። ለምን መልሰሽ ሰቀልሽው ትለኝ ይሆናል። እንዲደርቅ ነው። ከዚያ የበለጠ ነፋስ የሚገኝበት ቦታ በሜዳው ላይ የት አለ ብዬ።

ለእማዬ አልነገርኳትም፤ ነጥቶ ስታየው ትደነቅ ብዬ። በርሜሎቹ ጀርባ ተቀምጬ እንግዳውን ስጠብቅ አውሮፕላኑ መጣ። እንግዳው በኋላም አልመጣም።

አብራሪው ያ የሚያፏጨው ነው። የመጀመሪያዋን እርሳስ የሰጠኝ እሱ ነበር፤ ግማሽ እርሳስ፣ ጫፏ የተነከሰ።

መርማሪዎቹ አንተን ሲወስዱህ እናገራለሁ ብዬ በር ላይ ቆሜ ነበር። ቃሉ አልወጣም። በማግስቱም አልወጣም። ከሳምንት በኋላ ደግሞ ለምን እስከ ዛሬ ዝም አልሽ ይሉኛል ብዬ ፈራሁ፤ ያ ፍርሃት በየዓመቱ አብሮኝ አደገ። እንዲህ ነው የሆነው። ሌላ ሰበብ የለኝም።

እሷ ምንም አታውቅም ነበር። እጅጌው እርጥብ እንደነበረ ያወቅነው አንተና እኔ ብቻ ነን፤ ለሁለት ተካፍለን ደብቀነው ኖርን። እሷ የምታስበው ሌላ ነበር። የወታደር ልብስ አጥቤ ስላሳደግሁት አፍሮብኛል ትል ነበር። ስለ እሷ እንዳልጽፍ ብለህ ነበር፤ ይህን ግን መጻፍ አለብኝ። በመጨረሻዋ ሳምንት እጄን ይዛ «ልጄን ምን በደልኩት?» ብላ ጠየቀችኝ። ውኃ ሰጠኋት።

ለቀያሹ እናገራለሁ። እሷን አላስገባም፣ እኔን አስገባለሁ። ግን ከሰው ሁሉ በፊት አንተ እንድታውቅ ስለፈለግኩ መልስህን እጠብቃለሁ።

እህትህ

*

ታኅሣሥ 1 ቀን።
ነፋስ ከሰሜን፣ ቀዝቃዛ። በቦታው የነበሩ፦ የፖስታ ቤቷ ልጅ፣ እኔ።

ወንድም ጋሼ፣

ደብዳቤዬ ደርሶህ ይሆን? ለመቆጣት እንኳ ቢሆን ጻፍልኝ። ቀያሹን ሦስተኛ መንገድ አለ፣ ወንድሜ ሳይሰማ ግን አልናገርም አልኩት። ሁለቱን መነጽር አውልቆ ዐይኑን አሻሸና፣ «ሠላሳ አራት ዓመት ቆይቶ ዛሬ ደረሰ?» አለ። ማተሚያ ቤቱን ለምኖ እስከ ታኅሣሥ 12 አስያዘው። ከዚያ በላይ አይጠብቁም።

በቀን ሁለት ጊዜ ፖስታ ቤት እሄዳለሁ። ልጅቷ ከሩቅ ስታየኝ አንገቷን ትነቀንቃለች፤ አሁን አሁንማ በመስኮቱ በእጇ ብቻ «የለም» ትለኛለች፤ እኔም ከመንገዱ ማዶ እመለሳለሁ። ወረፋ የያዙት ሰዎች ምን ያጣች ሴት ናት ሳይሉኝ አይቀሩም።

ሌላ የምጽፈው የለኝም። ጣሪያው ተጠግኗል።

እህትህ

*

ታኅሣሥ 10 ቀን።
ነፋስ ከምሥራቅ፣ ከሰዓት በኋላ እየበረታ የሄደ። በቦታው የነበሩ፦ እኔ፣ ቀያሹ።

ወንድም ጋሼ፣

ደብዳቤህ ዛሬ ረፋዱ ላይ ደረሰኝ። የፖስታ ቤቷ ልጅ በሩጫ ነው መንገድ ላይ ያገኘችኝ። እዚያው ቆሜ ከፈትኩት። ሰላምታ የለውም፣ ስሜ የለውም፣ ፊርማህም የለበትም። ያለው አንድ ጥያቄ ነው፤ እጅጌው ለመድረቅ ስንት ደቂቃ ፈጀ?

ገልብጬ ጀርባውን አየሁት። ሌላ ነገር የለም።

አላውቅም፤ መልሴ ይህ ነው። ቆሜ አልጠበቅኩትም። የሰቀልኩት የሁለተኛው ዙር የቁርስ ደወል ሲደወል ስለሆነ አሥራ ሁለት ሰዓት ከአርባ ነው፤ አውሮፕላኑ ያረፈው ሁለት ሰዓት ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለውን አንተ በእጅህ ይዘኸው ነበር። ሰዓት ጠጋኝ ደቂቃ መጠየቁ አይገርመኝም። ለምን እንደፈለግከው ግን አልጠይቅህም። ቶሎ የሚደርቅ ከሆነ ጥፋቱ የእኔ አይደለም ማለት ነው፣ ሸራውን ያራሰው ሌላ ሰው ነው፣ ያኔ ማንን እንደምትጠረጥር አውቃለሁ። ቶሎ እንዲደርቅ አልመኝም። ለቅጽበት ተመኝቼ ነበር፤ ራሴን ተቆጣሁት።

እጅጌው አለ። አንተ ጥለኸው የሄድከውን እማዬ በማግስቱ፣ ከደረቀ በኋላ፣ አንሥታ ወደ ቤት አምጥታው ነበር። ልጄ የሰፋው ነው ብላ አጣጥፋ ሣጥኗ ውስጥ አኖረችው፤ እኔ እስከ ዛሬ ሣጥኑን ስከፍት እጄ በአጠገቡ ያልፋል እንጂ አይነካውም። ዛሬ አወጣሁት። ሽቦው ዝጓል እንጂ ስፌትህ አልተፈታም።

ከዚያ ቀያሹን ጠርቼ ሁሉንም ነገርኩት። ሲሰማኝ ካርድ አላወጣም። ስጨርስ፣ «ነገ በአሥራ ሁለት ሰዓት ሜዳው ላይ እገኛለሁ፤ ሰዓቴ ግን ወደ ኋላ ይላል፣ ለወንድምሽ ንገሪው» አለኝ። ሰዓቱን በፖስታ ቤቱ ሰዓት አስተካክለናል። የድሮው ምሰሶ ጉቶ አለ፤ ረጅም እንጨት እናስርበታለን። ዛሬም ጃንጥላውን ረስቶ ሊሄድ ሲል አስያዝኩት።

ደብዳቤውን አላሽገውም። የነገውን ጨምሬበት እልከዋለሁ።

ታኅሣሥ 11 ቀን፣ ጠዋት።
ነፋስ ከምሥራቅ፣ ጠንከር ያለ። ብርድ። ሳሩ ላይ ጤዛ። በቦታው የነበሩ፦ እኔ፣ ቀያሹ፣ በሜዳው ጫፍ ዶሮ የምታረባው ሴትዮ።

አሥራ ሁለት ሰዓት፦ እጅጌውን ደረቁን ሰቀልነው። ወዲያው ተነሣ፣ ወደ ምዕራብ ተዘረጋ። ቀያሹ ቀና ብሎ አየና በካርዱ ላይ «ደረቅ፣ ይሠራል» ብሎ ጻፈ። ዶሮ አርቢዋ መጥታ በዚህ ዕድሜያችሁ ባንዲራ ልትሰቅሉ ነው ወይ አለችን።

አሥራ ሁለት ከአሥራ አምስት፦ አወረድኩት። በባልዲ አጠብኩት፤ ውኃው ጥቁር ወጣ። ሳሙናው ያ ሳሙና አይደለም። ዛሬ በሙሉ ጉልበት መጭመቅ እችላለሁ፤ ግን ያኔ የጨመቅኩትን ያህል፣ የልጅ እጅ ያህል ብቻ ጨመቅኩት።

አሥራ ሁለት ከአርባ፦ እርጥቡን ሰቀልኩት። ወረደ። ጎኖቹ ተጣበቁ፣ አፉ ተከደነ። ሴትዮዋ የታጠበ ነገር በገመድ ይሰጣል እንጂ በምሰሶ ጫፍ ምን ይሠራል አለችኝ። ገመዱን አጥብቄ አሰርኩ።

አንድ ሰዓት፦ ተንጠልጥሏል። የቀያሹ ባርኔጣ ሁለት ጊዜ በረረ፤ ሁለተኛውን ዶሮዎቹ መካከል ነው ያገኘው።

አንድ ተኩል፦ ተንጠልጥሏል። ከጫፉ ውኃ ይንጠባጠባል። ቀያሹ ጃንጥላውን ሊዘረጋልኝ ሞከረ፣ ነፋሱ ገለበጠው።

ሁለት ሰዓት፦ ተንጠልጥሏል። ቀያሹ መነጽሩን ጠረገ፣ እንደገና አየ። «ያኔም የቆምኩት እዚሁ ነው፤ ያየሁትም ይህንኑ ነው» አለ።

ሁለት ከአምስት፦ ገጹን ከኪሱ አውጥቶ «ሥራውን በመበደሉና በደብተር ላይ ሐሰት በመጻፉ» የሚለውን ሰረዘ። ምስክሮቹ ያሉትንም ሰረዘ፤ የራሱን ቃል ጭምር ነው። በምትኩ ምን ልጻፍ አለኝ። ያጠብኩት እኔ መሆኔን፣ ያጠብኩበትን ሰዓት፣ ሠላሳ አራት ዓመት ዝም ማለቴን ነገርኩት፤ አንድ ቃል ሳይቀንስ ጻፈ። ማን ልበልሽ አለኝ። የነፋስ ጠባቂው እህት በል አልኩት። ጉልበቴ ላይ አስደግፌ ፈረምኩ። እጄ ታዘዘልኝ።

ሁለት ከአሥራ ሁለት፦ አፉ ተከፈተ። ጫፉ ተነሣ፣ ወደቀ፣ ተነሣ። ወደ ምዕራብ።

የጠየቅከኝ ዘጠና ሁለት ደቂቃ ነው። ያኔ ከሰቀልኩበት አውሮፕላኑ እስካረፈበት የነበረው ሰማንያ ብቻ ነው፤ አይደርስም ነበር።

ሁለት ተኩል፦ ቀያሹ ገጹን ይዞ ወደ ማተሚያ ቤቱ ሄደ። እኔ እጅጌውን አውርጄ ዙሪያውን በእጄ ዳሰስኩ፣ ስፌቱን አየሁ፣ ቀለበቱን አዞርኩ፣ አንተ ታደርግ እንደነበረው። መልሼ ሰቀልኩት። እዚያው ቆሜ ይህን እየጻፍኩ ነው፤ ከዚህ በቀጥታ ወደ ፖስታ ቤት እሄዳለሁ።

እጅጌው ተፈትሿል። ደኅና ነው።